«ተጽፏል» ሲባል የት ላይ?

የክፍላችሁን ውጤት መዝግባችሁ ኮምፒዩተሩ «ተጽፏል» አለ እንበል። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሲመለስ ውጤቱ የለም! ይህ እንዴት ይሆናል?

እንደሚታወቀው በአንድ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ምናባዊ ኮምፒዩተሮች ሊሠሩ ይችላሉ። የሚጽፉት ነገር ዲስክ ላይ ከማረፉ በፊት ካሽ በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ ያልፋል። ይኸውም በእንግዳው ሲስተም፣ በአስተናጋጁ ሚሞሪና በዲስክ መቆጣጠሪያው ውስጥ ሊኖር ይችላል።

«ራይት ባክ» በሚባለው አሠራር ጽሑፉ ገና ካሽ ውስጥ ሳለ «ተጽፏል» ይባላል፤ ፈጣን ነው፣ መብራት ሲጠፋ ግን አደጋ አለው። «ራይት ስሩ» ዲስኩ ሳይቀበል «ተጽፏል» አይልም፤ ዘገምተኛ ቢሆንም አስተማማኝ ነው።

ሰርቨሩ በድንገት ቢንቀራፈፍስ? በመጀመሪያ የመቆጣጠሪያውን ባትሪ እዩ። ባትሪው ሲደክም ብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች ራሳቸው ወደ ራይት ስሩ ይዞራሉ። መፍትሔው ባትሪውን መቀየር እንጂ ራይት ባክን በግድ መመለስ አይደለም። በኬቪኤም ላይ «አንሴፍ» የሚለው ምርጫም «አሁኑኑ ዲስክ ላይ አውርድ» የሚለውን ትእዛዝ ቸል ስለሚል ለውጤት መዝገብ አይሆንም።

ሌላም አለ፤ አንድን ፋይል ሁለቴ አንብባችሁ ሁለተኛው ቢፈጥን አትደሰቱ። የለካችሁት ዲስኩን ሳይሆን ካሹን ሊሆን ይችላል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? የፈሰሰ ውጤት ግን ተመልሶ አይለቀምምና፣ መጠባበቂያ ቅጂውን አደራ!