ንጉሡ መጋዘን ጠባቂ ሲሆን፦ የስትራቴጂ ጨዋታዎች አሰልቺ ሥራና የገበያ ዋጋው

በኮምፒዩተር የስትራቴጂ ጨዋታ ለመጫወት ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው የሚገዛው ሥልጣንን ነው። ንጉሥ ይሆናል፤ ከተማ ይቆረቁራል፣ ጦር ያዘምታል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይዋዋላል። ጨዋታው ሲጀመር በእጁ ያለው አንድ ከተማና ጥቂት ወታደር ብቻ ስለሆነ እያንዳንዷ ውሳኔ ክብደት አላት። ችግሩ የሚመጣው ሲሳካለት ነው። ከተማው ሠላሳ፣ ሠራተኛው ስልሳ ሲደርስ በየተራው እያንዳንዱን እየከፈቱ ምን ይሥራ፣ የት ይሂድ እያሉ ማዘዝ ግድ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ በሴኮንዶች ያልቅ የነበረ ተራ ሩብ ሰዓት መፍጀት ይጀምራል። ንጉሥ ለመሆን የከፈለው ሰው መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ያርፈዋል።

የጨዋታ ሠሪዎች ይህን «ማይክሮማኔጅመንት» ይሉታል። ነጋዴ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ባለቤቱ ራሱ ሚዛን ላይ ቆሞ፣ ራሱ ደረሰኝ ቆርጦ፣ ራሱ ጆንያ ቆጥሮ የሚያመሽበት ሱቅ ማለት ነው። ሱቁ አንድ ሲሆን ያዋጣል። አሥር ሲሆን ግን ባለቤቱን ይጨርሰዋል።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል የገንዘቡን መንገድ መከተል ይበቃል። ሲድ ማየርና ብሩስ ሼሊ የሠሩት «ሲቪላይዜሽን» እ.ኤ.አ. በ1991 በማይክሮፕሮዝ ኩባንያ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስሙ ብቻውን የሚሸጥና የሚለወጥ ንብረት ሆኗል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ አክሲዮኑ በናስዳክ የሚሸጠው የአሜሪካው ቴክ ቱ ኩባንያ ሀብት ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ሸቀጥ ውስጥ ኢትዮጵያም አለችበት። በ2007 አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ በ2012 አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በ2020 ደግሞ አፄ ምኒልክ በተከታታዮቹ እትሞች ተጫዋች ሊመራቸው የሚችል መሪዎች ሆነው ቀርበዋል። እንግዲህ አንድ ገዥ አፄ ምኒልክን መርጦ ጨዋታውን ጀምሮ፣ ከተሞቹ ሲበዙበት ሰልችቶት ቢዘጋው፣ ለሚቀጥለው እትም ገንዘቡን ማውጣቱ ያጠራጥራል።

እንደራሴ መሾም ያስከተለው ኪሳራ

ለዚህ በሽታ መጀመሪያ የሚታሰበው መድኃኒት ሥራ አስኪያጅ መቅጠር ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ ከተማውን ያስተዳድር፣ ተጫዋቹ ትልቁን ውሳኔ ብቻ ይያዝ የሚል ነው። ሐሳቡ ሲሰማ ይጥማል። በተግባር ምን እንደሆነ ግን የ«ማስተር ኦፍ ኦራየን» ታሪክ ያሳያል።

በ1993 የወጣው የመጀመሪያው እትም በከዋክብት መካከል የሚካሄድ ጨዋታ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ፕላኔት ላይ የነበረው መቆጣጠሪያ አምስት ተንሸራታች መስመር ብቻ ነበር። ለመርከብ ይህን ያህል፣ ለመከላከያ ይህን ያህል፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለአካባቢ፣ ለምርምር ይህን ያህል ብሎ ከፍሎ መሄድ ነው። የ1996ቱ ሁለተኛ እትም በዚያ ፈንታ በየፕላኔቱ ሕንፃ በሕንፃ ማዘዝን አመጣ። ተወደደ፤ ግዛት ሲሰፋ ግን ሥራው በዛ። ስለዚህ በኩዊክሲልቨር ተሠርቶ በኢንፎግራምስ በኩል በ2003 የወጣው ሦስተኛው እትም ለየፕላኔቱ እንደራሴ ሾመ።

ውጤቱ የሚያሳዝን ነበር። ገዥዎች ያሰሙት ዋና ቅሬታ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተጫዋቹ ያዘዘውን እንደራሴው መልሶ ይቀይርበታል። ሁለተኛ፣ ለምን እንደቀየረው አይታወቅም። ተጫዋቹ ከመጋዘን ጠባቂነት ቢላቀቅም ንጉሥ አልሆነም፤ ጨዋታው በራሱ ሲካሄድ ከዳር ቆሞ የሚያይ ሆነ። ጨዋታው በገምጋሚዎች ዘንድ ክፉኛ ተተቸ። ስሙም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተኝቶ ቆይቶ በ2013 በአታሪ የኪሳራ ሽያጭ ላይ ዋርጌሚንግ የተባለ ኩባንያ ገዛው። በአንድ ወቅት የዘርፉ ኩራት የነበረ ስም በሐራጅ ወጣ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ እንደራሴዎቹ ብቻ ናቸው ማለት ባይቻልም ድርሻቸው ቀላል አልነበረም።

እንደራሴው ጎበዝ ቢሆንስ ኖሮ? ያኔም ሌላ ችግር ይቀራል። በ2001 በወጣው ሦስተኛው «ሲቪላይዜሽን» ሠራተኞች መንገድና እርሻ በራሳቸው እንዲሠሩ ማዘዝ ይቻል ነበር። ነገር ግን በእጁ እየመራ የሚያሠራቸው ተጫዋች ከዚያ የተሻለ ያገኛል። ስለዚህ ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው ያንን ቁልፍ አይነካውም፤ እየተማረረ በእጁ ይሠራል።

የባከነችው ስድስት ነጥብ

ነገሩን ከሥሩ የያዘው ሶረን ጆንሰን ነው ማለት ይቻላል። በሦስተኛው «ሲቪላይዜሽን» ላይ ከዲዛይነሮቹ አንዱ የነበረ፣ በ2005 የወጣውን አራተኛውን ደግሞ በዋና ዲዛይነርነት የመራ ባለሙያ ነው። አራተኛው እትም ሥራውን የሚሠራ ጸሐፊ ከመቅጠር ይልቅ ሥራውን የሚፈጥረውን ደንብ ፈልጎ ለወጠ። ይህ ለነጋዴ አንባቢ በአኃዝ ቢቀርብ ይሻላል።

እንበልና አንድ ከተማ 60 የምርት ነጥብ የሚፈጅ ሕንፃ ይሠራል። ከተማው በተራ 11 ነጥብ ያመርታል። በአምስት ተራ 55 ይሆናል፤ አምስት ይጎድለዋል። በስድስተኛው ተራ 66 ስለሚደርስ ሕንፃው ያልቃል፤ ስድስት ነጥብ ይተርፋል። በሦስተኛው እትም ይህች ስድስት ነጥብ ትጠፋለች። ወደሚቀጥለው ሥራ አትዞርም።

ይህን የተገነዘበ ተጫዋች ምን ያደርጋል? በመጨረሻው ተራ ላይ ከተማውን ከፍቶ በማዕድኑ ላይ የሚሠራውን ነዋሪ አንሥቶ ገንዘብ ወደሚያስገባ ቦታ ይወስደዋል። ለመጨረስ የሚያስፈልገው አምስት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ትርፉን በገንዘብ መልክ ያተርፋል። በሚቀጥለው ተራ መልሶ ማዕድኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህን በሠላሳ ከተማ፣ በየጥቂት ተራው፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ያደርጋል። ማንም ሰው ይህን ለመዝናናት ብሎ አይሠራውም። ነገር ግን ደንቡ ለዚህ ሥራ ደመወዝ ይከፍላል፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ደግሞ ሠራተኛ አያጣም።

በአራተኛው እትም የተደረገው መፍትሔ ማንኛውም የሒሳብ ሠራተኛ የሚያውቀው ነው፤ የተረፈው ነጥብ «ከባለፈው የዞረ» ተብሎ ወደሚቀጥለው ሥራ ይገባል። ለምርት ብቻ ሳይሆን ለምግቡም ለምርምሩም እንዲሁ ሆነ። በዚህ አንድ የሒሳብ መስመር ያ ሁሉ መክፈትና መዝጋት ትርፍ አልባ ሆኖ ቀረ። ማንም አልከለከለውም። የሚሠራው ጠፋ እንጂ።

በዚያው እትም ሌላም ተመሳሳይ እርማት አለ። በሦስተኛው እትም ከዋና ከተማ የራቀ ከተማ ገቢው በሙስና ተበልቶ አንዲት ነጥብ ብቻ ሊያስገኝ ይችላል። የታሰበው ተጫዋቹ ግዛቱን ከልክ በላይ እንዳያሰፋ ለመቆጠብ ነበር። ግን ከተማ መክፈት ራሱ ወጪ የለውም። አንዲት ነጥብም ብትሆን ከዜሮ ስለምትሻል ተጫዋቹ ዝም ብሎ ይከፍታል፤ ኪራይ የማይከፈልበት ቅርንጫፍ ማን ይጠላል? በመጨረሻ ምንም የማይረቡ፣ ግን በየተራው ትእዛዝ የሚጠይቁ ብዙ ከተሞች ታቅፎ ይቀራል። አራተኛው እትም ሙስናውን አስወግዶ እያንዳንዱ አዲስ ከተማ በግምጃ ቤቱ ላይ ወጪ እንዲያስከትል አደረገ። ወጪውም እንደ ከተሞቹ ብዛትና እንደ ርቀታቸው ይጨምራል። ቅርንጫፍ ኪራይ ሲመጣበት ባለቤቱ ሳያስብ አይከፍትም። ሠራተኛ እየላኩ ብክለት ማጽዳትም በዚሁ እትም ተሰረዘ። ብክለቱን የናፈቀ ሰው እስካሁን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ገንዘብ እንዲሠራ መተው

ከዚህ የተለየ መንገድ የያዙም አሉ። በ2000 ሳይበርሎር የተባለ ድርጅት የሠራው «ማጀስቲ» ንጉሡ ጀግኖቹን በቀጥታ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። አውሬ እንዲገደል ከፈለገ አውሬው ላይ ባንዲራ ተክሎ ዋጋ ይቆርጣል። ዋጋው ካነሰ ማንም አይነቃነቅም፤ ሲጨመር ይመጣሉ። ጀግኖቹ ያገኙትን ወርቅ መልሰው በዚያው መንግሥት ገበያና አንጥረኛ ቤት ያጠፉታል፤ ቀረጥ ሰብሳቢው ደግሞ ከዚያ ይሰበስባል። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሳይሆን ዋጋ ነው። ደላላ ይህን ጨዋታ ለመልመድ አንድ ምሽት የሚበቃው ይመስላል።

የስዊድኑ ፓራዶክስ በ«ቪክቶሪያ» ተከታታይ ተመሳሳይ ሐሳብ ሞክሯል። በ2010 በወጣው ሁለተኛው እትም፣ ነፃ ገበያን የሚከተል ፓርቲ ሥልጣን ከያዘ ፋብሪካ የሚከፍቱት ባለሀብቶቹ እንጂ ተጫዋቹ አይደለም። ባለሀብቶቹ ግን ጥሬ ዕቃና ገዥ የሌለው ፋብሪካ ይከፍታሉ የሚል ሮሮ በዛ። በ2022 ሦስተኛው ሲወጣ ሁሉንም ሕንፃ የሚያዘው ተጫዋቹ ሆነ። ይህ ደግሞ አሰለቸ፤ በ2023 በተደረገ ማሻሻያ ባለሀብቶች በራሳቸው ገንዘብ በራሳቸው ፈቃድ እንዲያለሙ እንደገና ተፈቀደ። ኩባንያው በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ከገበያ ወደ ዕቅድ፣ ከዕቅድ ወደ ገበያ መመላለሱን ልብ ያለ አንባቢ ፈገግ ሊል ይችላል።

ሶረን ጆንሰን ራሱ በኋላ በሞሃውክ ድርጅቱ በኩል በሠራው «ኦልድ ወርልድ» (2021) የንጉሡን ትኩረት በጀት አደረገው። በአንድ ተራ የሚሰጠው ትእዛዝ ብዛት የተወሰነ ነው፤ ወታደርም ሠራተኛም የሚንቀሳቀሰው ከዚያው ቋት ነው። ትእዛዝ ሲያልቅ ያልተነካው ባለበት ይቆያል። በቋቱ ላይ ማሰቡ ራሱ ሌላ ሥራ ነው ቢባልም፣ ቢያንስ ስልሳውን ሠራተኛ ሁሉ የመነካካት ግዴታ የለም።

አሰልቺው ሥራ ራሱ ሸቀጥ ሲሆን

ሁሉም ገዥ ግን ሸክሙ እንዲቀልለት አይፈልግም። ብሊዛርድ በ1998 ያወጣው «ስታርክራፍት» በአንድ ጊዜ ከ12 በላይ ጓድ መምረጥ አያስችልም፤ አዲስ የተሠራ ሠራተኛም ማዕድን እንዲቆፍር አንድ በአንድ መታዘዝ አለበት። በደቡብ ኮሪያ በተመልካች ፊት የሚወዳደሩ ባለሙያዎች ይህን ሁሉ በደቂቃ ከ300 በላይ ድርጊት እየፈጸሙ ይሠሩታል። ተመልካቹ የሚከፍለው ይህን ለማየት ነው። በ2010 ሁለተኛው እትም የ12ቱን ገደብ አንሥቶ ሠራተኞችም በራሳቸው ወደ ማዕድኑ እንዲሄዱ ሲያደርግ፣ ከነባር ተጫዋቾች ችሎታችን ዋጋ አጣ የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ብሊዛርድም በአንድ እጁ የቀነሰውን በሌላው መለሰ፤ ለሦስቱም ወገኖች በየጥቂት ሴኮንዱ ካልተነኩ ትርፍ የማይሰጡ አዳዲስ ሥራዎች ጨመረ።

ስለዚህ ሻጩ ሊያውቀው የሚገባው የትኛውን ሥራ ገዥው እንደ ችሎታ፣ የትኛውን እንደ ቅጣት እንደሚያየው ነው። በየካቲት 2025 በ70 ዶላር የወጣው ሰባተኛው «ሲቪላይዜሽን» በዚህ ረገድ ደፋር ነው። ሠራተኛ የሚባለውን ጨርሶ አስወገደ፤ አነስተኛ ከተሞች ምርታቸው በቀጥታ ወደ ገንዘብ ስለሚለወጥ በየተራው ምን ይሠሩ ተብሎ አይታዘዙም። ያም ሆኖ ሲወጣ የገዥዎች አስተያየት የተከፋፈለ ነበር። ቅሬታው ግን በአብዛኛው በመረጃ አቀራረቡና ዘመን ሲለወጥ ሕዝብ እንዲለወጥ በሚያስገድደው ደንብ ላይ ነበር።

በ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ሁለተኛ እትም ደግሞ (በ2015 ተጨማሪው ኢትዮጵያውያንም ገብተውበታል) እርሻ ምርቱ ሲያልቅ በ60 እንጨት እንደገና መዘራት አለበት። በ1999 ጨዋታው ሲወጣ ተጫዋቹ እያንዳንዱን ማሳ ራሱ ተከታትሎ ይዘራ ነበር። በ2000 በወጣው ተጨማሪ እትም ወፍጮ ቤቱ ላይ አስቀድሞ ከፍሎ ማስያዝ ተቻለ። በ2019 በታደሰው እትም አንድ ቁልፍ ከተጫነ ማሳው ራሱን ይዘራል። ቀስተኞቹን ከድንጋይ ወርዋሪው ፊት ማሸሽ ግን ዛሬም የተጫዋቹ የራሱ የእጅ ሥራ ነው፤ ያንን ቢወስዱበት ገዥው ገንዘቡን መልሱልኝ የሚል ይመስላል።