የጣት አሻራ ብቻውን አይበቃም

በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን ገንዘባቸውንና ቤታቸውን ለሌላ ሰው ጠባቂነት አደራ የሚሰጡበት ጊዜ ይመጣል። ታዲያ የውክልና ወረቀት እንዴት ይፈረማል?

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ውክልና የሚሰጥበትም ሆነ የሚሻርበት ሰነድ ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። ቤት ውስጥ ተፈርሞ በኪስ የተያዘ ወረቀት አይበቃም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበው ይፈርማሉ።

ማንበብ የማይችሉትንና ዓይነ ስውራንን ሕግ አልረሳቸውም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት ፊርማቸው ወይም የጣት አሻራቸው በአዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም።

የቃሉም ስፋት ይታሰብበት። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው የቤት ኪራይ እንዲሰበስብላቸው ጠቅላላ ውክልና ቢሰጡት፣ በዚያ ወረቀት ቤታቸውን ሊሸጥ ወይም አስይዞ ሊበደር አይችልም፤ ለዚህ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ከመፈረማቸው በፊት ጽሑፉ ቃል በቃል ይነበብላቸው። የሰጡትን ውክልና በፈለጉ ጊዜ መሻር እንደሚችሉም እንንገራቸው።