የሰው ሕይወት ልብ ወለድ ሲሆን

እ.ኤ.አ. በ1988 መህራን ካሪሚ ናሴሪ የተባለ ኢራናዊ ከፓሪስ ተነሥቶ ለንደን ሂትሮው አረፈ። ሰነድ ስላልያዘ የእንግሊዝ ኢሚግሬሽን ወደመጣበት መለሰው። ከዚያ በኋላ በፓሪሱ ሻርል ደ ጎል ኤርፖርት እስከ 2006 ኖረ። ስቲቨን ስፒልበርግ በ2004 «ዘ ተርሚናል»ን ሲሠራ የገጸ ባሕርዩን ስምና ዜግነት ለወጠ፤ ኤርፖርቱንም ኒውዮርክ አደረገው። ያም ሆኖ ፊልሙን የሠራው ኩባንያ ለናሴሪ የታሪኩን መብት ዋጋ እንደከፈለ ተዘግቧል።

የእኛው «ድፍረት» የገጠመው ከዚህ የተለየ ነበር። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ታዳሚው ቦታውን ከያዘ በኋላ ግን በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። በፊልሙ የተጠለፈችው ልጅ ሂሩት ተብላለች፤ ይሁንና እውነተኛዋ ባለታሪክ በሕይወት ነበረች፣ ጉዳይዋም በአገር የታወቀ ነበር። ፊልሙ በአገር ውስጥ ለሕዝብ የታየው እግዱ ከተነሣ በኋላ ነው። ስም መቀየር ብቻውን እንደማያድን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሰው «ይህማ እገሌ ነው» ካለ፣ የተለወጠው ስም መከላከያ አይሆንም።

ባለታሪኩ አርቲስት ሲሆን ጉዳዩ ይሰፋል። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን እንውሰድ። አንኮበር ተወልደው፣ ማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ እንግሊዝ ተልከው ወደ ሥዕል ማዘንበላቸው ለማንም ጸሐፊ ክፍት ነው፤ እውነተኛ ክስተት የቅጂ መብት የለውም። ሥዕሎቻቸው ግን አላቸው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። እሳቸው ያረፉት በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ሥዕላቸውን በፊልም ትዕይንት ውስጥ ጉልህ አድርጎ ማሳየት የሚሻ ሰው የመብቱን ባለቤት ማስፈቀድ አለበት። ለሙዚቀኛ ታሪክ ደግሞ ግጥሙ፣ ዜማውና የተቀዳው ድምፅ የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሯቸው ስለሚችል እያንዳንዱን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሥራው ቀጥሎ የሰውየው ክብር አለ። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ በሚያደርግ መንገድ ስሙን ማጥፋትን ያስጠይቃል። በአንቀጽ 27 ደግሞ የሰውን ምስል ያለፈቃዱ ማሳየትን ይከለክላል፤ ለዝነኞችና ለባህላዊ ጥቅም የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የስም ማጥፋት ሕግ ከሳሹ ከባድ ጉዳት መድረሱን ወይም ሊደርስ መቻሉን እንዲያሳይ ይጠይቃል፤ የተነገረው እውነት መሆኑም መከላከያ ነው። ሆኖም እውነት ሁሉ አይታተምም፦ ሞዴሏ ናኦሚ ካምቤል ከሱስ ለመላቀቅ ስለምታደርገው ሕክምና ዝርዝር ያወጣውን ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2004 ረትታለች። የወሬው እውነትነት ጋዜጣውን አላዳነውም።

ስለዚህ ለጀማሪ ደራሲም ሆነ ፊልም ሠሪ ምክሬ ይህ ነው። በጽሑፍ የተደረገ የፈቃድ ውል ከቀረጻ በፊት ይፈረም። ከሰነድ የተገኘውና በምናብ የተጨመረው በረቂቁ ላይ ተለይቶ ይመዝገብ፤ በተለይ የፈጠራው ክፍል ሰውየውን የሚያዋርድ ከሆነ የሕግ ባለሙያ ይየው። አርቲስቱ ሞቶ ከሆነ የስም ማጥፋቱ ሥጋት ይቀላል እንጂ የሚስቱና የልጆቹ ክብር አብሮት አልተቀበረም። ሕጉ ባያስገድድም ረቂቁን ቀድሞ ለእነሱ ማሳየት ተገቢ ነው፤ ታሪኩን ከማንም በላይ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።