የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤና የአክሱም ጳጳስ

በጥር ወር የጥምቀት በዓል ሲከበር፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ በድሬዳዋ በምትገኘው በመልካ ጀብዱም ምእመናን ነጭ ለብሰው ታቦት ያጅባሉ። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ መሐል አገር የሚዘልቀው መንገድ በድሬዳዋ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃም ሆነ ወሬ ለአካባቢው ነዋሪ እንግዳ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት የተጠመቁበት እምነትም የመጣው በዚሁ ባሕር በኩል ነበር። ያ እምነት ገና ሥር ሳይሰድ የተፈተነውም ከዚያው ከባሕር ማዶ በመጣ ደብዳቤ ነው። በዛሬው የበዓል ገጻችን ፈተናው የተነሣበትን ዓመት እናስታውሳለን። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር 348 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ደግሞ 356 ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ አርዮስ ነው። አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው በማለቱ በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ ቤተ ክርስቲያን 318 ሊቃውንት እያለች የምታስባቸው አባቶች አወገዙት። ይሁን እንጂ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዲዮስ ወደ አርዮሳውያን አዘነበለ። የኒቅያን ሃይማኖት አጽንቶ የያዘውና ከ328 ጀምሮ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ አትናቴዎስም የንጉሠ ነገሥቱ ባላጋራ ሆኖ ተቈጠረ።

የእኛን አገር ከዚህ ክርክር ጋር ያገናኘው ፍሬምናጦስ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደ ተረከው፣ ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ የጢሮስ ተወላጆች ነበሩ። በልጅነታቸው የተሳፈሩባት መርከብ ወደብ ላይ ሳለች አብረዋቸው የነበሩት ተገደሉ፤ ሁለቱ ግን ለንጉሡ ተወሰዱ። በቤተ መንግሥትም አደጉ፤ ንጉሡም ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመምራት እንዲረዷት ለመነቻቸው። አደራቸውን ከፈጸሙ በኋላ ኤድስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለአክሱም ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲሾምላቸው ጠየቀ። አትናቴዎስም ከእርሱ የሚሻል እንደማይገኝ ተረድቶ ራሱን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ላከው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱ ነው።

ወደ 356 ስንመለስ፣ ዓመቱ ለግብጽ ክርስቲያኖች በኀዘን ጀመረ። በጥር 22 ቀን የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ በ105 ዓመቱ ዐረፈ። ከለበሳቸው ሁለት የበግ ለምዶች አንዱን ለአትናቴዎስ፣ ሌላውን ለኤጲስ ቆጶስ ሰራፕዮን እንዲሰጡለት ተናዘዘ። ወር ሳይሞላም፣ በየካቲት፣ ምእመናን ለሌሊት ጸሎት በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ሳለ የጦር አዛዡ ሲርያኖስ ወታደሮቹን ይዞ ከበባቸው። አትናቴዎስ ራሱ እንደ ጻፈው የወታደሮቹ ብዛት ከ5,000 በላይ ነበር። እርሱም ከመንበሩ ሳይነሣ ዲያቆኑ 135ኛውን መዝሙር እንዲያነብ፣ ሕዝቡም እንዲመልስ አዘዘ። ሕዝቡ እስኪወጣ ድረስ አልንቀሳቀስም ቢልም፣ በመጨረሻ መነኮሳትና ካህናት ጎትተው አወጡት። ከዚያም እስከ 362 ድረስ በግብጽ በረሃ በመነኮሳት መካከል ተሸሸገ።

በእርሱ ቦታ የተሾመው የቀጰዶቅያው ጊዮርጊስ ነበር። ይህ ሰው በስም ቢመሳሰልም ከሰማዕቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈጽሞ የተለየ ነው። ቆንስጣንዲዮስም በዚህ አልረካም። በ356 ወይም በማግሥቱ በ357 ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ብዙ ጸሐፊዎች እነዚህን ወንድማማቾች በትውፊታችን ከምናውቃቸው ከአብርሃና ከአጽብሐ ጋር አንድ ያደርጓቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ወንድሞቼ ብሎ ከጠራቸው በኋላ፣ ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ በደለኛ ስለሆነ፣ ጳጳሱ በፍጥነት ወደ ግብጽ ተልኮ በጊዮርጊስና በባልንጀሮቹ ፊት እንዲመረመር አሳሰባቸው።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። አክሱም በአዱሊስ ወደብ በኩል ከሮም ግዛት ጋር ትነግድ ነበር፤ የቄሣርን ወዳጅነት ማጣት ለመንግሥቱ ጉዳት ነው። በሌላ በኩል የተጠየቀው ሰው በቤተ መንግሥቱ ያደገና የሕፃኑን ንጉሥ አደራ የጠበቀ አባት ነው። ነገሥታቱ አሳልፈው ስለ መስጠታቸው የሚናገር አንድም መዝገብ የለም። በመላ የሮም ግዛት ጳጳሳት እየተጋዙ ሳለ የአክሱም ጳጳስ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ውጭ ነበር። ቆንስጣንዲዮስ በ361 ሞተ፤ ጊዮርጊስም በዚያው ዓመት በእስክንድርያ ሕዝብ እጅ ተገደለ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በኒቅያ ሃይማኖት ጸናች፤ ከአትናቴዎስ መንበር ጳጳስ ስትቀበል ኖራም በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አድርጋ ለማየት በቃች።

ደብዳቤው እስከ ዘመናችን የደረሰው አትናቴዎስ በስደት ሳለ ለንጉሠ ነገሥቱ ባዘጋጀው የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ገለበጠው ነው። ስለዚህ የአባ ሰላማ ታሪክ በትውፊት ብቻ ሳይሆን ሊያጠፋው በፈለገው ኃያል ንጉሥ ቃልም የተመሰከረ ነው።

በዚህ በዓል ልጆቻችን ጥምቀት ወደ አገራችን እንዴት እንደ መጣ ቢጠይቁን፣ ያመጣውን አባት ብቻ ሳይሆን በጭንቅ ቀን አሳልፈው ያልሰጡትንም ልናነሣላቸው ይገባል። የእንግዳ አደራን መጠበቅ ከክርስትናችን ጋር አብሮ የመጣ ርስታችን ነውና። መልካም የጥምቀት በዓል!