የማይሰበር መስታወት የለም

በላሊበላ፣ በቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ስልኩን ዘርግቶ ፎቶ የማያነሳ ጎብኚ ጥቂት ነው። ከአፋፉ እስከ ወለሉ 12 ሜትር ያህል ነው፤ ታች የሚጠብቀው ደግሞ አለት ነው። ሻጩ «አይሰበርም» ያለው ስክሪን እዚያ ቢወድቅ ምን ይሆናል?

ለመሆኑ የስልክ መስታወት ከመስኮት መስታወት በምን ይለያል? የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀምሮት በ2007 ለአይፎን ያዋለው ዘዴ የሚከተለው ነው። መስታወቱ 400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሞቀና በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከራል። ከገጹ ትንንሾቹ የሶዲየም አዮኖች ይወጡና ተለቅ ያሉት የፖታሲየም አዮኖች ይተካሉ። በሞላ ታክሲ ውስጥ ቀጫጮች ወርደው ወፍራሞች እንደ መሳፈር ነው። ገጹ ስለሚጨናነቅ ስንጥቅ ሊከፈት ሲል ግፊቱ መልሶ ይገጥመዋል።

የጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ውስጠኛ መስታወት ግን በተቃራኒው ሶዲየም እንዳይኖረው ተደርጎ ይሠራል፤ ሶዲየም ሥዕሉን የሚቆጣጠሩትን ጥቃቅን ትራንዚስተሮች ያበላሻልና።

ይሁንና የተጨናነቀው የስልኩ ገጽ እጅግ ስስ ነው። ከመስታወት የሚጠነክር የአሸዋ ብናኝ ይቧጭረዋል፤ ጭረቱ ያንን ገጽ ዘልቆ ከገባ ቀጣዩ ውድቀት ይጨርሰዋል።

ሌላው ችግር ያለው ገበያው ላይ ነው። በጥገና የሚቀየር ስክሪን በዚያ ጨው ውስጥ ማለፍ አለማለፉ በዓይን አይለይም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ቀጠሮውን በስልክ ለሚይዝ የላሊበላ አስጎብኚ የተሰበረ ስክሪን እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። ስለዚህ ስክሪን ሲያስቀይሩ ዓይነቱን ይጠይቁ፤ መልሱንም ደረሰኝ ላይ ያስጽፉ።