የነፍሰ ጡሯ የሆድ ሕመምና ከገበያ የሚገዛው ኪኒን

በምርት መሰብሰቢያ ወራት ሴቷ እንደ ወንዱ ከማሳ አትለይም። ነዶ ትሸከማለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ማታ ደግሞ ምጣድ ትጥዳለች። በዚህ መካከል የአምስት ወይም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ከሆዷ በአንድ ወገን ኃይለኛ ውጋት ሲይዛት የቤተሰቡ የመጀመሪያ ሐሳብ ሕመሙ በቶሎ እንዲበርድላት ማድረግ ነው። ወጌሻ ተጠርቶ ሆዷ ይታሻል፣ ወይም ከገበያ ሱቅ ስሙ በውል የማይታወቅ ኪኒን ይመጣል፣ ወይም ደግሞ ከዐረብ አገር ልጅ የላከችው መድኃኒት ከሣጥን ይወጣል። ርዳታው በቅንነት የሚደረግ ቢሆንም ከሕመሙ የከፋ ጉዳት የሚያስከትልበት ጊዜ አለ። የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ይህን በቅርብ ሊያውቁት ይገባል።

እንዲህ ላለው ሕመም ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የማሕፀን ዕጢ ነው። ሐኪሞች ፋይብሮይድ ወይም ማዮማ ይሉታል። ከማሕፀን ጡንቻ የሚበቅል እብጠት ሲሆን ካንሰር አይደለም። ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ አለ፣ ብርቱካን የሚያህል አለ፣ ከዚያም የሚልቅ አለ። በተለይ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ በሆነ ሴቶች ዘንድ በብዛት ይገኛል። ብዙዎቹ ዕጢው እንዳለባቸው እንኳ ሳያውቁ አርግዘው በሰላም ይወልዳሉ። በመሆኑም ዕጢ አለብሽ የተባለችውን ሴት እንደ ተረገመች መቁጠር፣ ፅንስ በወረደ ቁጥርም ሁሉን በሾተላይ ማሳበብ ከእውነት የራቀ ነው።

በእርግዝና ጊዜ አንዳንዱ ዕጢ በፍጥነት ያድጋል፤ ወደ እርሱ የሚደርሰው ደም ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ውሃ ያነሰው የጎመን መደብ መጠውለግ እንደሚጀምር ሁሉ የዕጢውም ውስጥ ደም አጥቶ ይሞታል። ኃይለኛው ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። መጠነኛ ትኩሳትና ማቅለሽለሽም ሊከተለው ይችላል። ደግነቱ ሕመሙ በአብዛኛው ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ሕክምናውም ዕረፍት፣ በቂ ፈሳሽና ፓራሲታሞል ነው። ነዶው በሌላ ሰው ትከሻ ይሂድ ማለት ነው። ዕጢውን በእርግዝና ላይ በቀዶ ጥገና ማውጣት ብዙ ደም ስለሚያፈስ ከስንት አንዴ በቀር አይደረግም።

ችግሩ ያለው በሌሎቹ ማስታገሻዎች ላይ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ለወገብና ለጉልበት ሕመም ሲባል በየቤቱ የሚገኙ መድኃኒቶች ናቸው። ከውጭ አገር የሚላከው አድቪል የተባለውም ኪኒን አይቡፕሮፌን ነው። ዲክሎፌናክ በመርፌም ስለሚሰጥ «ኪኒን አልዋጠችም» ማለት ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። ከአምስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ሕፃኑ የሚንሳፈፍበት የእንሽርት ውሃ በአብዛኛው የሚገኘው ከራሱ ከሕፃኑ ሽንት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ከእናቲቱ ወደ ሕፃኑ ያልፉና ወደ ኩላሊቱ የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ሽንቱ ሲያንስ ውሃው ይጎድላል። ጉድለቱ ሲራዘም የሕፃኑ ሳንባ በሚገባ አያድግም፣ እጅና እግሩም ሊኮማተር ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ መድኃኒቶቹ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ እንዳይወሰዱ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉዳቱ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ውሃው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ሳታውቅ የወሰደች ሴት ደብቃ ከመጨነቅ ይልቅ ለአዋላጅ ነርሷ ብትናገር ይበጃታል። ከ30ኛው ሳምንት ወዲህ ሌላም አደጋ ይጨመራል፤ በሕፃኑ ልብ አጠገብ ያለው፣ እስኪወለድ ድረስ ክፍት ሆኖ መቆየት የሚገባው የደም ሥር ያለጊዜው ሊዘጋ ይችላል።

ፓራሲታሞልም ቢሆን ልክ አለው። ባለ 500 ሚሊግራሙ በአንድ ጊዜ ከ2 ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም በጠቅላላው ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ከዚያ ካለፈ ጉበት ይጎዳል።

ይህ ሲባል ግን ነፍሰ ጡር መድኃኒት ሁሉ አይንካት ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ወሬ በመንደር ከተነዛ ሌላ ጥፋት ያመጣል። ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ የሚሰጣት ለደም ማነስ መከላከያ የሚሆነው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን በየቀኑ መወሰድ አለበት፤ የሚያስፈልገው ከቡናና ከሻይ አራርቆ መዋጥ ብቻ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ እናትም አንድ ቀን እንኳ ማቋረጥ የለባትም። ለደም ግፊት መከላከያ ሐኪም በትንሽ መጠን ያዘዘላት አስፕሪንም በጎረቤት ምክር አይቆምም።

የሕመሙን ምክንያት በቤት ውስጥ መወሰን አይቻልም። የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅ፣ ያልደረሰ ምጥ፣ የትርፍ አንጀት ወይም የሽንት ቧንቧ በሽታ ተመሳሳይ ሕመም ሊያመጡ ይችላሉና። ሆድ ማሸት መቅረት አለበት፤ የእንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል። ኮሶም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ደም ከፈሰሳት፣ የእንሽርት ውሃ ከወጣ፣ ሆዷ እንደ ድንጋይ ደርቆ ከቆየ፣ ትኩሳቷ ካየለ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ጉዞ መጀመር አለበት።

ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ በተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት የጤና ወኪሎችንና ለሥልጠና የሚላኩትን የልምድ አዋላጆች የሚመርጠው ማኅበሩ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረው ፕሮግራም ወዲህ ደግሞ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። ይሁን እንጂ እነርሱ ብቻቸውን የገበያውን ነጋዴ ማስቆምም ሆነ ቃሬዛ መሸከም አይችሉም። በገበያ ቀን ከጨውና ከሳሙና ጋር መድኃኒት የሚዘረጋ ካለ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ የመሪው ድርሻ ነው። የነፍሰ ጡሮች ስብሰባ ሲጠራም ባሎች እንዲመጡ ማድረግ አለበት፤ ኪኒኑን ገዝቶ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ባል ነውና።

ከሁሉ በላይ የመሪው ጉልበት የሚያስፈልገው በወሊድ ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። ዕጢ መኖሩና ያለበት ቦታ የሚታወቀው በዚህ ነው። ዕጢው በማሕፀን ታችኛው ክፍል ከሆነ የሕፃኑን መውጫ ሊዘጋ ይችላል። ሕፃኑ በእግሩ ወይም በጎኑ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ማሕፀኑ በሚገባ ሳይኮማተር ቀርቶ ደም በብዛት ሊፈስ ይችላል። ትልቅ ዕጢ ያለባት ሴት እንግዲህ ቀዶ ጥገናና ደም በሚገኝበት ሆስፒታል መውለድ ይኖርባታል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ቀኗ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ ትግባ። ቃሬዛ ተሸካሚዎች በስም ይመደቡ፤ አምቡላንሱ እስከየት እንደሚደርስ፣ ደም የሚለግሱት ሁለት ሦስት ሰዎችም እነማን እንደሆኑ ምጥ ሳይጀምራት ይታወቅ። ከብቶቿንና ልጆቿን ማን እንደሚጠብቅ ካልተወሰነ ግን ብዙዋ እናት ከቤቷ አትነሣም።

ከወለደች በኋላ ዕጢው ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። አይቡፕሮፌንም ለሚያጠቡ እናቶች በባለሙያ ትእዛዝ ይሰጣል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሳ ስትታይ ደም አብዝቶ የሚፈሳት ወይም ሕመሙ ያልለቀቃት ከሆነ ወደ ሆስፒታል ተልካ ስለ ቀጣዩ ሕክምና ከሐኪም ጋር ትመክራለች።