«መርፊ»፦ ከባሕር ተዋጊነት እስከ ድንች መጠሪያነት የተጓዘው የአየርላንድ ስም

በአየርላንድ ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው የሚጠራበት የቤተሰብ ስም «መርፊ» ነው። ስሙ ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የጦረኞች መጠሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የድንች፣ የአልጋና የአንድ ታዋቂ አባባል መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል። ይህን ጉዞ መከተል የአየርላንድን ሕዝብ የአገዛዝ፣ የረኃብና የስደት ታሪክ መከተል ነው።

የስሙ አመጣጥ

በኢትዮጵያ አንድ ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን ስም ይይዛል። በመሆኑም ሁለተኛው ስም በየትውልዱ ይለወጣል። ጥንታዊው የአየርላንድ ልማድም ለዚህ የቀረበ ነበር፤ «ማክ» የሚለው ቃል «ልጅ»፣ «ኦ» ደግሞ «የልጅ ልጅ» ወይም «ተወላጅ» የሚል ትርጉም አላቸው። ከ10ኛው እና ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግን የአንድ ስመ ጥር አያት ስም ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፍ ጀመረ። በዚህ ረገድ አየርላንድ በአውሮፓ ከቀዳሚዎቹ ሀገራት አንዷ ናት።

«መርፊ» የመጣው «ኦ ሙርኻዳ» ከሚለው የአይሪሽ ቋንቋ ስም ሲሆን፣ ትርጉሙም «የሙርኻድ ተወላጅ» ነው። «ሙርኻድ» ራሱ «ባሕር» እና «ውጊያ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገነባ በመሆኑ «የባሕር ተዋጊ» ተብሎ ይተረጎማል። ይሁን እንጂ መርፊዎች ሁሉ የአንድ አባት ልጆች አይደሉም። ስሙ በዌክስፎርድ፣ በኮርክ፣ በሮስኮመን እና በሌሎች አካባቢዎች ለየብቻው የበቀለ ነው። የአባታቸው ስም «ካሳ» የሆነ ሁለት ሰዎች የግድ ዘመዳሞች እንደማይሆኑ ሁሉ፣ ሁለት መርፊዎችም የሥጋ ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል።

ስም በአገዛዝ ሥር

ከዚሁ «ሙርኻድ» ከሚለው ስም የወጣ መጠሪያ ከነበራቸው መካከል የሌንስተሩ ንጉሥ ዲያርሜድ ማክ ሙርኻዳ ይገኝበታል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1166 ከሥልጣኑ ሲባረር የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛን ድጋፍ ጠየቀ። በ1169 የኖርማን ጦረኞች በዌክስፎርድ ምድር አረፉ፤ ይህም ለዘመናት ለዘለቀው የእንግሊዝ አገዛዝ በር ከፈተ።

አገዛዙ ከመሬት አልፎ ስምንም ነካ። በ1465 የወጣ ሕግ በደብሊንና በዙሪያዋ ባሉ አውራጃዎች የሚኖሩ አየርላንዳውያን ከከተማ፣ ከቀለም፣ ከእጅ ሥራ ወይም ከሹመት የተወሰደ የእንግሊዝኛ ስም እንዲይዙ አዘዘ። በ17ኛው እና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ብዙ ቤተሰቦች «ኦ» እና «ማክ» የሚሉትን ቃላት ከስማቸው አወረዱ። «ኦ ሙርኻዳ» በእንግሊዝኛ አነጋገር «መርፊ» ሆኖ የቀረውም በዚህ ሂደት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ቋንቋቸውንና ባህላቸውን ለማደስ በተነሡበት ጊዜ እንደ ኦብራየን እና ኦኮነር ያሉ ቤተሰቦች «ኦ»ን መልሰው ሲይዙ መርፊዎች ግን አልመለሱትም።

በአይሪሽ ቋንቋ ስሙን የሚጽፉ ሰዎች ዛሬም አሮጌውን ሥርዓት ይከተላሉ። ወንዱ «ኦ ሙርኹ»፣ ሴት ልጅ «ኒ ውርኹ»፣ ያገባች ሚስት ደግሞ «ኢ ውርኹ» ተብለው ይጠራሉ።

ድንች «መርፊ» የተባለበት ምክንያት

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በእንግሊዝኛ የመንገድ ቋንቋ ድንች «መርፊ» ይባል ጀመር። የአየርላንድ ድኻ ገበሬ ኑሮው ከድንች፣ ስሙም ከመርፊ ጋር ተያይዞ ይታወቅ ስለነበር፣ ሁለቱን ማገናኘት ለቀልድ ተመቸ።

ከቀልዱ ጀርባ ያለው እውነት ግን መራር ነበር። ጭሰኛው እህሉንና ከብቱን ለመሬት ኪራይ እየሸጠ፣ ለራሱ ጉሮሮ የሚያውለው በትንሽ መሬት ብዙ ምርት የሚሰጠውን ድንች ነበር። ያውም በአብዛኛው «ላምፐር» የተባለውን አንድ ዝርያ። ድንች የሚተከለው ከራሱ ሥር በመሆኑ፣ የአንድ ዝርያ ተክሎች ለአንድ በሽታ እኩል የተጋለጡ ናቸው። በ1845 ባለሙያዎች «ሌት ብላይት» የሚሉት፣ ቅጠሉን አጠውልጎ ሥሩን የሚያበሰብሰው በሽታ ሲገባ ማሳዎች በአጭር ጊዜ ጠፉ። በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና በተያያዥ በሽታዎች ሲሞት፣ ከአንድ ሚሊዮን ያላነሰ ተሰደደ። በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ዝቅ አለ። በዚያው ወቅት እህልና ከብት ወደ ውጭ መጫኑ አልተቋረጠም።

ይኸው በሽታ ዛሬም በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የድንች አምራቾች ሥጋት ነው። ንጹሕ ዘር መጠቀም፣ ዝርያ ማቀያየርና በአንድ ሰብል ብቻ አለመመካት ከአየርላንድ ገበሬዎች ሰቆቃ የሚወሰዱ ትምህርቶች ናቸው።

ከስደት በኋላ

ስደተኞች ስሙን ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ይዘውት ሄዱ። በሳን ፍራንሲስኮ ዊልያም ሎውረንስ መርፊ ወደ ግድግዳ የሚታጠፍ አልጋ ሠራ። ስሙ ከዕቃው ጋር ከመዋሐዱ የተነሣ በ1989 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት «መርፊ አልጋ» የዕቃው የወል መጠሪያ ሆኗል ሲል ወሰነ። «ሊበላሽ የሚችል ነገር ሁሉ መበላሸቱ አይቀርም» የሚለው «የመርፊ ሕግ» ደግሞ በ1949 በአንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ሙከራ ላይ ከተሳተፈው መሐንዲስ ኤድዋርድ መርፊ ጋር ይያያዛል። አፍሪካ አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ኤዲ መርፊም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

እንግዲህ የዘር ሐረጉን ለሚፈልግ ሰው «መርፊ» የሚለው ስም ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ቅድመ አያቶቹ የኖሩበትን አውራጃና መንደር፣ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የተያዘውን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ መመልከት ይኖርበታል። ስሙ ቤተሰቡ ያለፈበትን ታሪክ ይጠቁማል፤ ቤተሰቡ ከየት እንደተነሣ የሚመሰክረው ግን ቀዬውና መዝገቡ ነው።